የጨረቃ ድንጋይና መዝገቡ

በጥሪው ወረቀት ላይ የጨረቃ ድንጋይ የሚለውን ርእስ ስታዩ፣ ስለ ሮኬትና ስለ ጠፈርተኞች ላወራ የመጣሁ መስሏችሁ ይሆናል። ስለ ጉዞው ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። እኔ የማነሣው ጉዞው ሲያበቃ የጀመረውን ሥራ ነው። ድንጋዮቹ ምድር ከደረሱበት ቀን አንሥቶ ያለማቋረጥ የሚጠብቋቸው፣ የሚመዝኗቸው፣ የሚመዘግቧቸው ሰዎች አሉ፤ የዛሬው ወሬያችን የእነሱ ሥራ ነው።

ዓላማዬ አንድ ነው። አንድን ቅርስ ለሕዝብና ለትውልድ ማቆየት ማለት ቆልፎ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደነካው፣ ምን ያህሉ እንደተቆረሰ፣ ዛሬ የት እንዳለ የሚናገር መዝገብ አብሮት ካልኖረ፣ ዕቃው ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል። ይህን በሦስት ክፍል ላስረዳ። መጀመሪያ ድንጋዮቹ የትና እንዴት እንደሚጠበቁ እናያለን፤ ቀጥሎ ሳይነኩ መቆየታቸው ለዕውቀት ምን እንዳተረፈ፤ በመጨረሻም በስጦታ ለየአገሩ የተበተኑት ምን እንደገጠማቸው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

እንግዲህ ከክምችቱ እንጀምር። ከ1969 እስከ 1972 ድረስ ስድስት የአፖሎ መንኮራኩሮች ጨረቃ ላይ አርፈው 12 ሰዎች ተራምደውባታል። ይዘው የተመለሱት አለት፣ ጠጠርና አፈር ሲደመር 382 ኪሎ ግራም ነው። የመጀመሪያው ጉዞ፣ አፖሎ 11፣ ያመጣው ወደ 22 ኪሎ ግራም ብቻ ሲሆን የመጨረሻው አፖሎ 17 ብቻውን ወደ 110 ኪሎ ግራም ተሸክሞ መጥቷል። ከአሜሪካ ሌላ ሶቭየት ኅብረት በ1970፣ በ1972 እና በ1976 ሰው በሌላቸው መንኮራኩሮች ናሙና አምጥታለች፤ የሦስቱ ድምር ግን ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ቻይና ደግሞ በ2020፣ 1,731 ግራም፣ በ2024 ከዚያኛው ለእኛ ከማይታየን የጨረቃ ገጽ 1,935 ግራም አምጥታለች። የሰው ልጅ በእጁ ያስገባው የጨረቃ ናሙና በአንድ የጭነት መኪና ተጭኖ ቦታ ይተርፋል።

የአፖሎ ናሙናዎች አብዛኞቹ የሚገኙት በቴክሳስ፣ ሂዩስተን፣ በጆንሰን የጠፈር ማዕከል ውስጥ ለዚሁ ተብሎ ተሠርቶ በ1979 ሥራ በጀመረ ቤተ ሙከራ ነው። ሂዩስተን ለባሕር ቅርብ ናት፤ አውሎ ነፋስና ጎርፍ ያሰጋታል። ስለዚህ ካዝናው ከመሬት ከፍ ብሎ በላይኛው ፎቅ ላይ ተሠራ። በዚህም ሳይወሰኑ ከናሙናው የተወሰነውን ለይተው በሌላ ግዛት፣ በኒው ሜክሲኮ ዋይት ሳንድስ በሚባል ሥፍራ አስቀምጠዋል። አንዱ ቤት ቢቃጠል ወይም ቢጥለቀለቅ ሌላው ይተርፋል።

ወደ ክፍሉ የሚገባ ሠራተኛ ቀለበቱን ያወልቃል፤ ነጭ ቱታ ይለብሳል፤ ፀጉሩንና ጫማውን ይሸፍናል፤ በሚነፍስ አየር አቧራው ይራገፍለታል። ቀለበት የሚወልቀው ስርቆት ተፈርቶ አይደለም። ተመራማሪዎች በጨረቃ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ወርቅ የሚለኩት በቢሊዮን አንድ እጅ መጠን ነው፤ ከጣት ቀለበት የሚራገፍ ዓይን የማያየው ብናኝ ልኬቱን ሁሉ ያበላሸዋል። ድንጋዮቹ ንጹሕ ናይትሮጂን በተሞሉ የብረትና የመስታወት ሣጥኖች ውስጥ ይቀመጣሉ። ሠራተኛው የሚሠራው ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር በተያያዙ ረጃጅም ጓንቶች እጁን አስገብቶ ነው። ድንጋዩን እንዲነኩ የተፈቀደላቸው ነገሮችም የታወቁ ናቸው፤ የማይዝግ ብረት፣ አሉሚኒየምና ቴፍሎን። ለተመራማሪ ወጥቶ የተመለሰ ቁራሽ ደግሞ ዳግመኛ ካልተነኩት ጋር አይቀላቀልም፤ የራሱ ካዝና አለው።

ይህ ሥርዓት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በ1969 የነበረው ሐሳብ ድንጋዮቹን እንደ ጨረቃ ራሷ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ መያዝ ነበር። አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ግን ጓንቱ ይነፋል፣ ይደርቃል፣ እጅ አይታዘዝም። በአፖሎ 11 ናሙናዎች ላይ ሲሠራ አንድ ጓንት አፈትልኮ አየር ገባ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከጨረቃ ያልታወቀ ተሕዋስ ይመጣ ይሆናል ተብሎ ይፈራ ስለነበር በቦታው የነበሩት ሠራተኞች ከጠፈርተኞቹ ጋር ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የአየር አልባው ሐሳብ ቀረና በናይትሮጂን ተተካ። የጥበቃ ሙያ የሚያድገው እንዲህ ነው፤ በወረቀት ላይ ፍጹም የሚመስለው ዘዴ በእጅ ሲሞከር የማይሠራ ከሆነ ይተዋል።

አሁን ወደ መዝገቡ ልምጣ። እያንዳንዱ ናሙና አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር አለው። 15415ን እንውሰድ። በ1971 ጠፈርተኞቹ ዴቪድ ስኮትና ጄምስ ኧርዊን ያነሡት፣ ጋዜጦች የዘፍጥረት ድንጋይ ያሉት፣ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነጭ ድንጋይ ነው፤ ክብደቱ 269 ግራም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች በአፖሎ 15 መምጣቱን ይናገራሉ። በአፖሎ 16 እና 17 ናሙናዎች ላይ ቁጥሩ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ከሁሉ ትልቁን፣ 11.7 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን 61016ን ብታዩ፣ ስድስቱ አፖሎ 16ን፣ ቀጥሎ ያለው አንድ ጠፈርተኞቹ የቆሙበትን ጣቢያ ያመለክታል። ድንጋዩ ሲቆረስ ከቁጥሩ በኋላ ነጠላ ሰረዝ ይደረግና ሌላ ቁጥር ይጨመራል፤ ቁራሹ ሲከፈል እንደገና አዲስ ቁጥር። በመጋዝ ሲቆረጥ የሚረግፈው ዱቄት እንኳ ተጠርጎ ይመዘናል። መጀመሪያ 2,196 ሆነው የተመዘገቡት ናሙናዎች ዛሬ ከ100,000 በላይ ቁራሾች ሆነዋል፤ እያንዳንዱም ከየትኛው ወላጅ እንደወጣ፣ ምን ያህል እንደሚመዝን፣ በማን እጅ እንዳለ ይታወቃል።

ይህ ዓይነቱ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ድንቅነሽን ሁላችን በስሟ እናውቃታለን፤ በሙያው መዝገብ ላይ ግን A.L. 288-1 ተብላ ትጠራለች። በአፋር፣ በሐዳር፣ 288 የሚል ቁጥር ከተሰጠው ሥፍራ የተገኘች የመጀመሪያዋ ማለት ነው። ዋናዋ ድንቅነሽ በብሔራዊ ሙዚየም ካዝና ተቀምጣ ጎብኚው የሚያየው ቅጂዋን ነው። በ2007 ለኤግዚቢሽን ከአገር ስትወጣ መጀመሪያ የታየችው በዚያችው በሂዩስተን ከተማ ነበር፤ በ2013 ወደ ቤቷ ተመለሰች። አጥንቶቹ ያለ ሥፍራቸው ቁጥር፣ ያለ አፈሩ ንጣፍ መዝገብ ቢገኙ ኖሮ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ብሎ ለመናገር የሚደፍር ባልኖረ። ድንጋይም አጥንትም በራሱ አይናገርም፤ የሚያናግረው የተነሣበት ቦታ ነው።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ሊጠይቀኝ ይችላል፦ ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥተው ካመጡት በኋላ ቶሎ መርምረው የሚያውቁትን አውቀው አይጨርሱም? ለምን ያቆዩታል? መልሱን በሦስት ናሙናዎች ታሪክ ላሳያችሁ።

አንደኛው ለቁም ነገር ያልታሰበ አፈር ነው። በሐምሌ 1969 ኒል አርምስትሮንግ በጨረቃ ላይ የነበረው ጊዜ ሊያልቅ ሲል የድንጋይ ሣጥኑን አየና ባዶ ቦታ እንዳለው ተመለከተ። ድንጋዮቹ እርስ በርስ እንዳይጋጩ በአካፋው አፈር እየዛቀ ሞላው። ያ መሙያ አፈር ሂዩስተን ሲደርስ እንደማንኛውም ናሙና ቁጥር ተሰጥቶት ተነፋ፣ ተለየ። በውስጡ ከጥቁሩ አፈር የማይመሳሰሉ ጥቃቅን ነጭ ጠጠሮች ተገኙ። ጆን ዉድ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1970 እነዚህ ነጫጭ ቅንጣቶች ከጨረቃ ደጋ በግጭት ተፈናጥረው የመጡ መሆናቸውን ተናገሩ። ከዚያም ተነሥተው ጨረቃ በልጅነቷ በቀለጠ አለት የተሸፈነች እንደነበረች፣ ቀላሉ ማዕድን ወደ ላይ ተንሳፍፎ ነጩን ቅርፊት እንደሠራ አስረዱ። ዛሬ ይህ ሐሳብ የጨረቃ ጥናት መሠረት ነው። ቅንጣቶቹ የጣት ጥፍር የማያክሉ ነበሩ። የሚረባውን ከማይረባው የሚለየው ሰው መጀመሪያ ቢመጣና ይህ መሙያ ነው ብሎ ቢደፋው ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር።

ሁለተኛው የውኃ ጉዳይ ነው። በ1970ዎቹ ጨረቃ ፍጹም ደረቅ ናት ተብሎ ተደመደመ። በናሙናዎቹ ላይ የውኃ ምልክት ብልጭ ሲል ከምድር እርጥበት የገባ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ በጊዜው በነበረው መሣሪያ ያ ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። በ2008 አልቤርቶ ሳል የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ አፖሎ 15 እና 17 ያመጧቸውን የእሳተ ገሞራ የመስታወት ዶቃዎች በአዲስ መሣሪያ መረመሩ። ዶቃዎቹ ከሦስት ቢሊዮን ዓመት በፊት ከጨረቃ ሆድ እየተፈናጠሩ የቀዘቀዙ ጠብታዎች ናቸው። ውኃው ከዶቃው ጠርዝ ይልቅ ወደ መካከሉ ሲገቡ እየጨመረ ተገኘ። ከምድር የገባ ቢሆን ኖሮ ከውጭ በዝቶ ከውስጥ ማነስ ነበረበት፤ ስለዚህ ከጥንቱ የነበረ ውኃ ነው። በ2011 ደግሞ በታኅሣሥ 1972 የአፖሎ 17 ጠፈርተኛ ሃሪሰን ሽሚት ብርቱካናማ ቀለሙን አይቶ ከተገረመበት አፈር፣ ከ74220፣ በማዕድን ውስጥ ታስረው የቀሩ ጠብታዎች ተመርምረው ከዚያ የበለጠ ውኃ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ወደ ጨረቃ የሄደ አዲስ ሰው አልነበረም። አዲሱ ነገር መሣሪያው ነበር፤ አሮጌው ናሙና ግን ሳይበከል ጠብቆታል፤ ያልተበከለ ስለመሆኑም ምስክር የሚሆን መዝገብ ነበረው።

ሦስተኛው ሆን ተብሎ የተዘጋ ነው። አፖሎ 17 ላይ ዩጂን ሰርነንና ሽሚት ቱቦ በመዶሻ እየመቱ ወደ አፈሩ ሰድደው ከተራራ ተንሸራትቶ ከወረደ ክምር ናሙና አወጡ። የታችኛውን ግማሽ፣ 73001ን፣ እዚያው ጨረቃ ላይ አየር በማያስገባ ቆርቆሮ ውስጥ አሸጉት። ሂዩስተን ሲደርስ በሌላ መያዣ ተጨምሮ ተቀመጠ እንጂ አልተከፈተም። ጥንዱ 73002 በ2019፣ እሱ ራሱ በ2022 ተከፈተ። ከመከፈቱ በፊት በራጅ ዓይነት ምርመራ ውስጡ በሦስት አቅጣጫ ተነሣ፤ ውስጡ ታምቆ የቆየውንም ጋዝ ለመሰብሰብ ልዩ መሣሪያ ተሠራ። በ1972 ቢከፈት ይህ አንዱም አይቻልም ነበር።

በእነዚህ ሦስት ታሪኮች ውስጥ የማደንቀው ትዕግሥት ነው፤ ግን ትዕግሥት ዋጋ እንደሚያስከፍል መካድ የለብንም። ያንን ቱቦ አይተው ለመክፈት ሲጓጉ ሥራቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሊቃውንት አሉ። የሚጠብቅ ተቋም ሁሉ በሁለት ግዴታዎች መካከል ይቆማል፤ ዛሬ ለሚጠይቀው መስጠት፣ ነገ ለሚጠይቀው ማስቀረት። ሁሉን የሰጠ ለነገው ሰው ዕዳ ያወርሳል፤ ምንም ያልሰጠ ደግሞ ቤተ መዛግብት መሆኑ ቀርቶ መቃብር ይሆናል። ሂዩስተን ያገኘችው መላ ተመራማሪው ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቦ በባለሙያዎች ከተመዘነ በኋላ ለሥራው የሚበቃውን ትንሹን ቁራሽ ብቻ መስጠት ነው። ለትምህርት ቤቶች ደግሞ ስድስት ትናንሽ ናሙናዎች ጥርት ባለ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽገው ይዋሳሉ። ዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን በብሔራዊው የአየርና የጠፈር ሙዚየም ያለ መግቢያ ክፍያ ገብተው ከ1976 ጀምሮ ለጎብኚ የተተወችውን የጨረቃ ድንጋይ ቁራሽ በጣታቸው መንካት ይችላሉ። ያቺ ድንጋይ ለዚያ ተብላ ተሰጥታለች፤ ለሕዝብ እጅ የተሰጠው ጥቂት በመሆኑም የቀሩት ሳይነኩ ይቆያሉ።

ወደ መጨረሻው ክፍል ደርሰናል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ከአፖሎ 11 በኋላ ለ135 አገሮችና ለአሜሪካ ግዛቶች ስጦታ አዘጋጁ፤ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ አራት ቅንጣቶች ጥርት ባለ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ወደ ጨረቃ ሄዳ ከተመለሰች የተቀባዩ አገር ትንሽ ባንዲራ ጋር። በ1973 ደግሞ ከአፖሎ 17 ድንጋይ፣ ከ70017፣ ለየአገሩና ለየግዛቱ አንድ አንድ ግራም ያህል ተቆርሶ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ተላከ። ስጦታ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ ተቀባዩ አገር ነው፤ ሂዩስተን አታዝበትም። አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ ከአንድ ወላጅ የተቆረሰ፣ ለብዙ ዓይነት ጠባቂ ተሰጠ ማለት ነው። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የጥበቃ ፈተና የለም።

አየርላንድ የአፖሎ 11 ቅንጣቶቿን በደንሲንክ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ አስቀምጣ ነበር። በ1977 ቤቱ ተቃጠለና ፍርስራሹ ሲጠረግ ቅንጣቶቹም አብረው በፊንግላስ ቆሻሻ መጣያ ተቀበሩ። የማልታው በ2004 ከሙዚየም ተሰረቀ። የሆንዱራሱ ደግሞ ከመንግሥት እጅ ወጥቶ አሜሪካ ገባና በ1998 በአምስት ሚሊዮን ዶላር ሊሸጥ ሲል ገዢ መስለው በቀረቡ መርማሪዎች ማያሚ ላይ ተያዘ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ በሕጉ ልማድ ተከሳሹ ዕቃው ራሱ ነበር፤ የክሱ ርእስ የአሜሪካ መንግሥት የጨረቃ ድንጋይ በያዘች አንዲት የፕላስቲክ ኳስና በአንድ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ያቀረበው ክስ ይላል። በዚያ ሙግት ሁለት ጥያቄዎች መመለስ ነበረባቸው፤ ይህ በእውነት የጨረቃ ድንጋይ ነው? ከሆነስ የማን ነው? የመጀመሪያው የተመለሰው ወላጁ 70017 ሂዩስተን ውስጥ ተመርምሮና ተመዝግቦ ስለተቀመጠ ነው። ሁለተኛው የተመለሰው በሆንዱራስ ሕግ የሕዝብ ንብረት የሆነ ነገር እንዲሁ ከእጅ ወደ እጅ ሊሸጥ ስለማይችል ነው። ድንጋዩ በ2004 ወደ አገሩ ተመለሰ።

የአሜሪካዋ ግዛት የአርካንሶ ታሪክ ግን ለእናንተ፣ ለቤተ መዛግብት ሰዎች፣ ከሁሉ ይቀርባል። የግዛቲቱ የአፖሎ 17 ድንጋይ ለብዙ ዓመታት የት እንደገባ ጠፍቶ ሲፈለግ ነበር። ማንም አልሰረቀውም። በ2011 በሊትል ሮክ ከተማ አንድ የመዛግብት ባለሙያ ቢል ክሊንተን አገረ ገዥ በነበሩበት ዘመን የተከማቹ ሰነዶችን እያደራጀ ከሣጥኖቹ በአንዱ ውስጥ አገኘው። ድንጋዩ ያለው በሕዝብ ቤተ መዛግብት ውስጥ ነበር፤ ደህና ቤት፣ ደህና ቁልፍ። የጠፋው ድንጋዩ አልነበረም፤ የት እንዳለ የምትናገረው አንዲት መስመር ጽሑፍ ነበረች።

ተቃራኒውን ደግሞ ኔዘርላንድስ አሳይታናለች። የአምስተርዳሙ ታላቅ ሙዚየም፣ ራይክስሙዚየም፣ ከቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ቪለም ድሬስ ዕቃዎች ጋር የደረሰውን የጨረቃ ድንጋይ በክብር ይዞ ነበር። በ2009 ሲመረመር ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት ሆኖ ተገኘ። አስተውሉ፤ አገሪቱ በመንግሥት ደረጃ የተቀበለቻቸው እውነተኛዎቹ ናሙናዎች በላይደን ከተማ በሌላ ሙዚየም አሉ፤ ቁጥራቸውና የስጦታ ወረቀታቸው አብሯቸው ነው። ለሽማግሌው በእጅ የተሰጠው ግን የመጣው ቁጥር ሳይኖረው፣ ከወሬ ጋር ብቻ ነበር። አርካንሶ ውስጥ እውነተኛው ድንጋይ መዝገብ አጥቶ እንደሌለ ተቆጠረ፤ አምስተርዳም ውስጥ ያልሆነው ነገር መዝገብ ስላልተጠየቀ እንዳለ ተቆጠረ። ሁለቱም የአንድ ጉድለት ሁለት ፊት ናቸው።

ወገኖቼ፣ አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። በጥንት ገዳማትና አድባራት በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ንዋያተ ቅድሳት ዝርዝር፣ የርስቱ ወሰን፣ የሰጪው ስምና የምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር። ዕቃውን የሚያስጠብቀው ጽሑፍ ከማንም ይልቅ በሚከበረው መጽሐፍ ውስጥ የሰፈረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚረከብ ሰው የሚረከበው በዚያ ዝርዝር ነበር፤ የጎደለውም በዚያው ይታወቅ ነበር።

ዛሬ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ስንመለከት ነገሩ የተገላበጠ ነው። ሙዚየም ይቋቋም ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ሕንፃውና የመስታወት መደርደሪያው ነው፤ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚታጠፈው የመዝጋቢው የሥራ መደብ ነው። የምረቃው ሪባን የሚቆረጠው በመደርደሪያው ፊት እንጂ በመዝገቡ ፊት አይደለም፤ ስለዚህ ማን ይፈርድበታል? እኔ የምለው ቅደም ተከተሉ ይለወጥ ነው። ናይትሮጂን የሞላ ሣጥንና የባንክ ዓይነት ካዝና ውድ ነው፤ ሁሉም አገር ላይችለው ይችላል። ቁጥር ሰጥቶ መመዝገብ፣ በተወሰነ ጊዜ ቆጥሮ ማመሳከር፣ ኃላፊ ሲቀየር ዕቃውን በዝርዝር ማረካከብ ግን ወረቀት፣ ብዕርና አንድ የሠለጠነ ሰው ይበቃዋል። የአርካንሶውን ድንጋይ ከመጥፋት ለማዳን ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም ነበር።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ማንኛውም ሙዚየም፣ ቤተ መዛግብት ወይም የገዳም ዕቃ ቤት ስትሄዱ፣ ከሚታየው ቅርስ ቀጥሎ መዝገቡ መኖሩንና መጨረሻ የተመሳከረው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ጠባቂው መልስ ካለው ደስ ይለዋል፤ መልስ ከሌለው ደግሞ ጥያቄያችሁ ለአለቃው የሚያቀርበው ማስረጃ ይሆነዋል።